ለቀበሮ ማባበያ ባስቀመጥኩ ቁጥር ጅብ እየቀደመ ተቸግሬያለሁ (ጠዳ)

የጠዳው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ማባበያ አቀማመጥ የምታውቁ ካላችሁ ምክር እሻለሁ። ቦታው ጎንደር አጠገብ ያለው ጠዳ ነው፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከግቢው ጀርባ ደረቅ ወንዝና ቁጥቋጦ አለ። ያለው 22 በግና 60 ያህል ዶሮ ነው። ከጥቅምት ወዲህ አራት ግልገል ሄዷል፤ የዶሮውን ቁጥር ትቼዋለሁ። ሁሉም ዓይን ሲይዝ ወይም ጎህ ሳይቀድ ነው። ቀበሮ ነው ብለናል፤ ጩኸቱም ይሰማል።

አሜሪካኖች ኮዮት የሚሉትን ቀበሮ መሰል አውሬ ሲያጠምዱ ሬሳ አንድ ቦታ ጥለው ያስለምዱትና ዙሪያውን ወጥመድ ይቀብራሉ። ያንን ተከትዬ ከግቢው 300 ሜትር ርቀት ላይ የሞተ በግ ጣልኩ። ሲነጋ ቀንዱ እንኳ የለም። በማግስቱ የፍየል ሆድ ዕቃ አስቀመጥኩ፤ ያው ነው። ማታ ጅብ፣ ጠዋት ጥንብ አንሳ።

የምፈልገው በእግር የሚይዝ ወጥመድ ሳይሆን የብረት ሣጥን ነው፤ በሰፈሩ ልጆችና ውሾች አሉ። ምን ዓይነት ማባበያ፣ ስንት ግራም፣ ስንት ቀን? ሣጥኑስ ልኩ ምን ያህል ይሁን? ጎረቤቶች «መርዝ አድርግበትና ተገላገል» እያሉኝ ነው፤ እኔ አልወደድኩትም።

ዱካ ተከታይ፦
ስህተቱ መጠኑ ላይ ነው። ኮዮት ባለበት አገር ጅብ የለም። እነሱ ሙሉ ሬሳ የሚጥሉት በክረምታቸው ብርዱ ሥጋውን ስለሚያቆየው፣ ኮዮቱም ሳምንታት ስለሚመላለስበት ነው። ወጥመዱንም ሬሳው ላይ አያደርጉትም፤ በብዙ ግዛቶች ሕጉ ራሱ ከተገለጠ ሥጋ 9 ሜትር ያህል እንዲርቅ ያዛል፣ ንስር እንዳይያዝ። ጎንደር ዙሪያ ሙሉ ሬሳ ከጣልክ ግን የጠራኸው ጅብን ነው። ጅቡ በተሰበሰበበት ቀበሮ ዳር ዳሩን ይዞራል እንጂ አይገባም። ማባበያህ ይሽተት እንጂ አያጥግብ።

ከዚያ በፊት ግን ማን እንደሚበላህ አጣራ። ጩኸት ማስረጃ አይሆንም፤ ቀበሮ ሲጮህ የሰፈር ውሻ በጉን ሲበላ ሊያድር ይችላል። የተገደለውን ግልገል ቆዳውን ገፈህ እይ፤ ከላይ የማይታየው ንክሻ ከቆዳው ስር ደም አርግቶ ይታያል። ቀበሮ ጉሮሮን ወይም ሆድን ይይዛል፣ መብላትም የሚጀምረው ከጎንና ከብሽሽት ነው፤ ትንሽ ግልገል ከሆነ ይዞት ይሄዳል። ውሻ እግርና ጆሮ ይቦጫጭቃል፣ ብዙ በግ ያቆስላል፣ ከገደለውም የሚበላው ጥቂት ነው። ጅብ አጥንት አያስቀርም፤ ኩሱም ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል።

ለዱካው ከወንዙ ወደ ግቢው በሚወስደው ቀጭን መንገድ ላይ 1 ሜትር በ 1 ሜትር መሬት ጥረግ፤ እዚያው የተቆፈረ አፈር በወንፊት ነፍተህ 2 ሳንቲ ሜትር አልብሰው። የቀበሮ ዱካ ርዝመቱ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጠበብ ያለ ሞላላ፣ የፊት ሁለት ጥፍሮቹ ተቀራርበው ወደ ፊት ያመለክታሉ። የውሻ ዱካ ይከባል፣ ጣቶቹ ይበታተናሉ፣ አረማመዱም ወዲያ ወዲህ ይላል። ቀበሮ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የጅብ ዱካ 9 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው፣ የፊቱ ከኋላው ይበልጣል። ጥፍር የሌለው ክብ ዱካ ካየህ ነብር ነውና ይህን ሁሉ ትተህ በረትህን ክደን።

አሁን ወደ ማባበያው። ከአዘዞ ወይም ከጎርጎራ የዓሣ ጭንቅላትና አንጀት በነጻ ይገኛል፤ አምባዛው በጣም ጥሩ ነው፣ ስቡ ብዙ ስለሆነ ሽታው ይቆያል። ቆራርጠህ ማሰሮ ወይም የፕላስቲክ ባልዲ እስከ ሁለት ሦስተኛው ሙላ፣ አፉን በጨርቅ አስረህ ጥላ ስር ከ4 እስከ 6 ቀን አቆየው። ጥርቅም አድርገህ በክዳን አትዝጋው፤ ጋዝ ይሞላና ይፈነዳል፣ ሽታውም ከግቢህ ሳምንት አይወጣም። ከሳምንት በላይ ከቆየ ደግሞ ወደ ውሃነት ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ዝንብ እንጂ ቀበሮ አይፈልገውም።

ጉድጓድ ቆፍር፤ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ጭብጥህን የሚያስገባ፣ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዓሣ ከታች አድርግ፣ በላዩ እፍኝ ሣር ጠቅጥቅ። አፉ ላይ አንድ የተሰበረ እንቁላልና ጥቂት የዶሮ ላባ። አለቀ። ጠቅላላው ከ250 ግራም አይብለጥ። ቀበሮ ለእንቁላል ይሞታል፤ ጅብ ግን ሆዱን ለማይሞላ ነገር ብዙም አይደክምም። ያለፈ ጅብ ቢያነሳው እንኳ በማግስቱ ለመመለስ ምክንያት አያገኝም። ሥጋው ተቀብሮ ከሰማይ ስለማይታይ ጥንብ አንሳም አይወርድብህም።

ነፋሱን አትርሳ። ማታ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ደቃቅ አመድ ከመዳፍህ በትን፤ ወዴት ይሄዳል? ሽታው ከማባበያው ወደ ቀበሮው መንገድ መሄድ አለበት። ወደ ቤትህ ከሄደ የምትጠራው የራስህን ውሻ ነው።

በያጁ፦
ስለ ሣጥኑ እኔ ልበል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያሠራው የድመት ወጥመድ የመሰለ አጭር ነገር ነው፤ በሩ ወገቡ ላይ ያርፍና ቀበሮው ወደ ኋላ ተስቦ ይወጣል። ሁለተኛ እዚያ አካባቢ አታየውም።

ርዝመት 1.5 ሜትር፣ ወርድ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመት 60። ማዕዘኑ 25 በ 25 ሚሊ ሜትር አንግል ብረት። ሽቦው የተበየደ፣ ቀዳዳው 2.5 በ 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። «5 በ 5 ይበቃል፣ ይረክሳል» ይሉሃል፤ እውነት ነው ይረክሳል፣ ግን አውሬው መንጋጋውን አስገብቶ ይነክስና ጥርሱን ይሰብራል። የወንፊት ሽቦ ደግሞ በአንድ ሌሊት ተቦጭቆ ታገኘዋለህ። የሽቦው ጫፍ በሙሉ ወደ ውጭ ይታጠፍ፣ ከውስጥ በእጅህ ዳስሰህ አረጋግጥ።

በሩ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ይሁን። 50 በ 60 የሆነ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ 4.7 ኪሎ ይመዝናል፤ በራሱ ክብደት ፈጥኖ ይወርዳል፣ ስፕሪንግ አያስፈልገውም። ሐዲዱ በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑረው። በያጅ ብዙ ጊዜ ልክክ አድርጎ ይሠራልሃል፤ ጠዋት ሲያዩት ያምራል፣ ጤዛና አቧራ ሲገባበት ግን መሃል ላይ ተነክሶ ይቀራል። ከታች 3 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚያቆም ብረት አድርግ፣ ጭራ እንዳይቆርጥ። ያ ክፍተት ካለ አፍንጫውን አስገብቶ በሩን ያነሳዋልና በሩ ሲወርድ ከኋላው የሚወድቅ መቀርቀሪያ የግድ ነው። ያለ መቀርቀሪያ ባዶ ሣጥን ነው የምታገኘው።

መርገጫው 35 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ላሜራ ሆኖ የፊት ጠርዙ ከበሩ 95 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ቀበሮ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሥር ከ80 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ሲረግጠው አካሉ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ከመርገጫው ወደ በሩ ፒን የሚሄደው የብስክሌት ፍሬን ኬብል ይሁን፤ ሲባጎ ሲረጥብ ያጥራል፣ በሩ ራሱን ይለቃል። ልኩን በሃይላንድ ፈትነው፦ 2 ሊትር ውሃ የያዘው መርገጫው ላይ ሲቀመጥ በሩ ይውረድ፣ 1 ሊትር የያዘው አያውርደው። ከዚያ በታች ካላላኸው አይጥና ሸለምጥማጥ ያጫውትሃል።

ቀለም አትቀባው። ብየዳው ካለቀ በኋላ በአመድና በሙቅ ውሃ ታጥቦ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ፀሐይና ጤዛ ላይ ይደር። የግራይንደርና የዘይት ሽታ እስኪጠፋ ቀበሮ አይጠጋውም። ሽታ ባለው ሳሙናም አትጠበው።

ስታስቀምጠው በአራቱም ማዕዘን 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 12 ፌሮ ቀጥቅጠህ እሰረው። ሲረግጠው ከተንቀጠቀጠ አይገባም። ወለሉን እዚያው ባለ አፈር 4 ሳንቲ ሜትር አልብሰው፣ ሽቦ እግሩን እንዳይነካው። ከመርገጫው ስር ግን የማዳበሪያ ጆንያ ቁራጭ አንጥፍ፤ አፈር እዚያ ከገባ መርገጫው አይወርድም፣ ማባበያህ ተበልቶ በሩ ክፍት ሆኖ ይጠብቅሃል። ጎንና ጎኑን በአገዳ ሸፍነው፣ የኋላውን ግን አትሸፍን፤ ወዲያ ማዶ ብርሃን ማየት አለበት።

የከብት ሐኪም፦
ከላይ የተባለው ጥሩ ሆኖ ሳለ ጥቂት ከባድ ነገሮች ተዘለዋል።

የሞተ በግ ጣልኩ ብለዋል። ምን እንደገደለው ሳይታወቅ ሬሳ ሜዳ ላይ መጣል አባ ሰንጋን መዝራት ነው። ድንገት የሞተ፣ ደሙ ያልረጋ፣ ከአፍንጫና ከፊንጢጣ ደም የወጣው ከሆነ አይገፈፍ፣ አይከፈት፣ አይነካ፤ ለወረዳው እንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ። ከላይ «ቆዳውን ገፈህ እይ» የተባለው ንክሻ ለታየበት ብቻ ነው፤ ያውም በጓንት።

ጥሬ ሳንባና ጉበትም ለማባበያ አይጠቀሙ፣ በተለይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚታይበትን። ከረጢቱን ውሻ ወይም ቀበሮ ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፣ እንቁላሉ በኩሱ ወደ ግጦሹ ይመለሳል፤ በጎችዎንም ልጆችዎንም ይይዛል። ዓሣና እንቁላሉ በዚህ በኩልም ይሻላል።

መርዙን አለመውደድዎ ልክ ነው። መርዝ የበላ ቀበሮ ወድቆ ሲሞት ጥንብ አንሳው ይበላዋል፣ እሱም ይሞታል፤ ቀጥሎ የጎረቤት ውሻ። የአካባቢውን ጥንብ የሚያጸዳልን ወፍ ካለቀ የሚቀረን ሬሳና የሠፈር ውሻ ብቻ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ትልቁ ስጋት ነው። ማባበያ ቦታ ውሻንና ቀበሮን አንድ ጉድጓድ ያሸትታል። ስለዚህ መጀመሪያ የግቢው ውሾች ይከተቡ፣ በየዓመቱም ይደገም። የተያዘ አውሬ ላይ እጅ አይግባ፤ ሣጥኑ በጆንያ ሲሸፈን ይረጋጋል። ሰው ከተነከሰ ወይም ምራቅ ቁስል ከነካው ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብና በዚያው ቀን ክትባት ወዳለበት ጤና ተቋም ይሂድ። ጠበል ለመሄድ የሚፈልግም ክትባቱን ጀምሮ ይሂድ።

ፈቃድ ደግሞ አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ አለ፤ በራስ ፈቃድ መያዝም መግደልም አይቻልም። ሣጥኑን ከማሠራትዎ በፊት የወረዳውን የዱር እንስሳት ባለሙያ ያነጋግሩ፣ የተያዘው ምን እንደሚደረግ የሚወስነውም እሱ ነው። ወስዶ ሌላ ቦታ መልቀቅ የሚባለው ነገር ብዙ አይረባም፦ ወይ ይመለሳል፣ ወይ የሌላ ቀበሮ ክልል ውስጥ ገብቶ ይነከሳል፣ ወይ የሌላ ሰው በረት ይለምዳል።

ከዳባት፦
ይህንን ጽሑፍ አንብቦ ወደ ደባርቅና ስሜን በኩል የሚሞክር ሰው እንዳይኖር እሰጋለሁ። ከ3000 ሜትር በላይ ማባበያም ሣጥንም አይቀመጥ። እዚያ ያለው ቀይ ቀበሮ ነው፤ በዓለም ላይ ያሉት ጎልማሶች 500 አይሞሉም፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። ገላው ቀይ፣ ጉሮሮውና ሆዱ ነጭ፣ አፉ ቀጭንና ረጅም፣ ጭራው ከሥሩ ነጭ ሆኖ ጫፉ ጥቁር ነው። የእናንተው ቆላና ወይና ደጋ የሚዞረው ግን ቢጫ ግራጫ፣ ጀርባው ላይ ጠቆር ያለ ፀጉር የተቀላቀለበት ነው። ይኼኛውን ድሮ ከእስያው ቀበሮ ጋር አንድ ያደርጉት ነበር፤ በ2015 እንደ ፈረንጆች በወጣ የዘረመል ጥናት ግን ራሱን የቻለ፣ ለተኩላና ለዚያው ለኮዮት የሚቀርብ ዝርያ ሆኖ ተገኝቷል። ጥርጣሬውም የኮዮት ነው እንግዲህ።

ስለዚህ በበኩሌ ለ22 በግ ሣጥን አላሠራም ነበር። በዚያው ብር የበረቱን አጥር 1 ሜትር ከ70 አድርጌ፣ ከታች ሽቦውን ወደ ውጭ 40 ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ አጥፌ ድንጋይ እጭንበታለሁ። ቀበሮ የሚቆፍረው ከአጥሩ ሥር አስጠግቶ ነው፤ ሽቦው እግሩ ሥር ሲሆንበት ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ መቆፈር አይመጣለትም። ዶሮውን 12 ሰዓት ሳይሞላ ማስገባት። አንዱን ቀበሮ ብትይዘው ክልሉን ሌላ ይወርሰዋል፤ በግ የማይነካ አይጥ በል ቀበሮ ከነበረህ ደግሞ በገዛ እጅህ በሌባ ለወጥከው።

ዱካ ተከታይ፦
ከዳባት ያልከው ስለ አጥሩ እውነት ነው፣ ሣጥኑም አጥርን አይተካም። ግን በረት መግባት አንዴ የለመደ ቀበሮ አጥር ቢሻሻልም ቀን እረኛ ዞር ሲል ይጠብቃል። ለእሱ ለአንዱ ብቻ ነው ሣጥኑ።

የቀኑን ነገር ስላልመለስኩ፦ ከ1ኛው እስከ 4ኛው ቀን ጉድጓዱና የተነፋው አፈር ብቻ፣ ሣጥን የለም። የቀበሮ ዱካ ሁለት ሌሊት በተከታታይ ካልታየ ቦታውን ቀይር፣ ማባበያውን አትጨምር። ዱካው ከታየ ሣጥኑን አምጥተህ አፉን ከጉድጓዱ አስጠጋ፣ በሩን በጥቁር ሽቦ ጥፍር አድርገህ ክፍት እሰረው። መጀመሪያ እንቁላሉ ደጃፉ ላይ፣ ከዚያ በየሌሊቱ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ። ሳይበላ ካደረ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ መልሰው እንጂ አትግፋ። ከመርገጫው ማዶ ያለው ሁለት ሌሊት ተበልቶ ሲገኝ ብቻ የበሩን ሽቦ ፍታ። ይህ ሁሉ ቢያጥር 11 ቀን ነው፤ 3 ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል። ኮዮት ጎልማሳው ጨርሶ ሣጥን አይገባም ማለት ይቻላል፤ የኛው የሰው አጥርና ቁርጥራጭ ብረት ስለለመደ ትንሽ ይሻላል።

ሰዓቱ ላይ ጅቡን መቅደም ይቻላል። ጅብ ደህና አድርጎ ሲመሽ ነው የሚመጣው፤ ቀበሮ ግን ገና ዓይን ሲይዝም ይወጣል። ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አጥምደህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ዝጋ፣ የተረፈውን ማባበያ አንሳ። ሌሊቱን ሙሉ ከተውከው ጅብ ሣጥኑን ገልብጦ ያጣምመዋል፤ ባለ 3 ሚሊ ሽቦ ለእሱ ምንም አይደለም።

የጠዳው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዶክተር እርስዎም። ባለሙያውን አነጋግሬያለሁ፣ ሣጥኑም ተሠርቶ ወጥቷል። ዱካው የቀበሮ ነው፤ 5 ሳንቲ ሜትር ተኩል። አሁን የያዘኝ ይህ ነው፦ እስከ መርገጫው ድረስ ያለውን እንቁላል ይበላል፣ ከዚያ ወዲያ አያልፍም። አምስተኛ ሌሊቱ ነው። አፈሩ ላይ ሲታይ መርገጫው ጫፍ ላይ ቆሞ አንገቱን ይዘረጋል። ትናንት ደግሞ ከኋላ በኩል ከውጭ ሆኖ አፈር ጭሯል።

በያጁ፦
መርገጫው ከወለሉ ከፍ ብሏል ወይ ይወዛወዛል። በሩ ታስሮ ሳለ በእጅህ ጠርዙን ተጫነው፤ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከወረደ ለእሱ መሬት የከዳው ነው። ለማስለመጃው ጊዜ ከሥሩ እንጨት ሰክተህ አጽናው፣ በአፈር ከወለሉ ጋር አስተካክለው። እንጨቱን የምታወጣው በምታጠምድበት ቀን ብቻ ነው። ለኋላው ጭረት ከሣጥኑ ጀርባና ጎን 40 ሳንቲ ሜትር ድረስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድር፣ ማባበያውንም መርገጫው ላይ ሳይደርስ ከኋላው ሽቦ ወደ ውስጥ አርቀው።

ዱካ ተከታይ፦
እንቁላሉን ለሁለት ሌሊት አቁም፤ ጠግቦበታል። ሣጥኑ ውስጥ፣ ከመርገጫው ማዶ፣ በሽቦው ቀዳዳ የምታልፍ ጠባብ ጉድጓድ ቆፍረህ አንድ ማንኪያ ዓሣ ቅበር፤ ዓይኑ የሚያየው ነገር አይኑር። የሚታየውን አንገት ዘርግቶ ይወስዳል፣ የተቀበረውን ግን ለማውጣት ሁለቱን የፊት እግሮቹን ማስገባት አለበት። ከደጃፉ ያለውን የድሮውን ጉድጓድ ድፈነው፤ ሽታው እዚያ እስካለ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ጉዳይ የለውም። አንተም በየጠዋቱ እየሄድክ በቅርብ አትይ፣ ከ20 ሜትር በባትሪ ይበቃል። ያው የለበስከውን ጋቢ ለብሰህ፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት።

የከብት ሐኪም፦
በሩ የተፈታ ዕለት 5 ሜትር ገመድ ከበሩ ጫፍ ጋር ይታሰር፣ መቀርቀሪያውንም አብሮ እንዲስብ ያድርጉት። የሚገባው የጎረቤት ውሻ ሊሆን ይችላል፤ ከሣጥኑ ጀርባ ሆነው ገመዱን ስበው ይለቁታል፣ ማንም ፊት ለፊት አይቁም። ቀኑን ሙሉ በሩ ተዘግቶ ይዋል።

የጠዳው፦
ገመዱን ዛሬ አስራለሁ። እንጨቱን ሰክቼ ሞከርኩት፤ መርገጫው ለካ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርድ ኖሯል።

በያጁ፦
ስታጠምድ 3ቱን ወደ 1 ሳንቲ ሜትር አሳጥረው። ፒኑ ብዙ ገብቷል ማለት ነው፤ ጫፉን በሞረድ ቁረጠውና በሃይላንዱ እንደገና ፈትነው።